የዓለምን ችግር በአንድ የትምህርት ክፍል ማጥናት አይበቃም



የተሰጠኝ ርዕስ «ዓለም አቀፍ ጉዳዮች» በሚል ስያሜ የተለያዩ ዘርፎችን አጣምሮ ስለሚሰጥ የመጀመሪያ ዲግሪ ነው። ስለ ዲግሪው ከመናገሬ በፊት ግን ስለ አንበጣ ልናገር። ለምን እንደሆነ እየቆየ ይገባችኋል።

እ.ኤ.አ. በ2019 እና በ2020 (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የበረሃ አንበጣ ምሥራቅ አፍሪካን ወረረ። ለኢትዮጵያና ለሶማሊያ በ25 ዓመት፣ ለኬንያ ደግሞ በ70 ዓመት ውስጥ ያልታየ ክፉ ወረራ ነበር። ገበሬው ጅራፍ እያጮኸ፣ ቆርቆሮ እየደበደበ፣ ጭስ እያጨሰ ማሳውን ለማዳን ታገለ። አርብቶ አደሩ የከብቶቹ ግጦሽ ዓይኑ እያየ ሲራቆት ቆሞ ተመለከተ። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ ከ40 እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ሊኖረው ይችላል፤ በአንድ ቀን የሚበላውም 35,000 ሰው የሚመገበውን ያህል ነው። እንዲህ ያለውን መንጋ ጅራፍ ቢያስነሳው እንኳ የሚያርፈው ጎረቤት ማሳ ላይ ነው።

የዚህ መከራ መነሻ የት ነው ብለን ስንጠይቅ መልሱ ከማሳው እጅግ ይርቃል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2018 ሜኩኑ፣ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ደግሞ ሉባን የተባሉ ሁለት አውሎ ነፋሶች ከአረብ ባሕር ተነሥተው ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ኦማንና የመን በሚዋሰኑበት፣ ሩብ አል ኻሊ በሚባለው ሰው አልባ በረሃ ላይ ዝናብ አወረዱ። በአሸዋ ክምሮች መካከል ውሃ ተኛ፤ ቅጠል በቀለ። እንስቷ አንበጣ እንቁላሏን የምትጥለው እርጥብ አሸዋ ውስጥ ነው። ሁኔታው ከተመቻት አንበጣ በ3 ወር 20 እጥፍ፣ በ6 ወር 400 እጥፍ፣ በ9 ወር 8,000 እጥፍ ትራባለች። በዚያ በረሃ ሦስት ትውልድ ተፈለፈለ። አካባቢው መንገድም ነዋሪም ስለሌለው በጊዜ ያየው አልነበረም።

እስካሁን የነገርኳችሁ የአየር ጠባይ ጥናት ነው። ከዚህ በኋላ የነፍሳት ተመራማሪ ያስፈልገናል። በዛር ዘመኗ ሩሲያ ግዛት ተወልዶ ለንደን ይሠራ የነበረው ቦሪስ ኡቫሮቭ በ1921 ባሳተመው ጥናት፣ እንደ ሁለት ዝርያ ይቆጠሩ የነበሩት ለብቻው የሚኖረው አንበጣና በመንጋ የሚጓዘው አንበጣ የአንድ ዝርያ ሁለት መልክ መሆናቸውን አሳየ። የበረሃ አንበጣም እንዲሁ ነው። ሲራራቅ ዓይን አፋር ነው፤ ከመሰሎቹ ይሸሻል። ኩብኩባው በጠባብ ቦታ ሲጨናነቅ ግን ቀለሙም ጠባዩም ይለወጣል፤ መሰሎቹን መከተል ይጀምራል። በ2009 የወጣ ጥናት ደግሞ ለዚህ ለውጥ መነሻ የሚሆነው ሴሮቶኒን የተባለው ንጥረ ነገር መሆኑን አረጋገጠ። ይኸው ንጥረ ነገር በሰው አንጎልም ውስጥ አለ። ይህን ያነበብኩ ዕለት ሥራዬን ትቼ ረጅም ሰዓት እንዳሰብኩ አስታውሳለሁ።

ቀጥሎ የሚያስፈልገን የጦርነትና የፖለቲካ ተመራማሪ ነው። መንጋው ከበረሃው ሲነሣ ያገኘው የመንን ነው። ሰላም ባለበት አገር የመከላከያ ቡድን መኪናውን አስነሥቶ ኩብኩባው ክንፍ ሳያወጣ ይደርስበታል። የመን ጦርነት ላይ ስለነበረች በብዙ ቦታ ይህ አልሆነም። ከጁን 2019 ጀምሮ መንጋው የኤደንን ባሕረ ሰላጤና ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ወደ ሶማሊያና ወደ ኢትዮጵያ ገባ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የሕንድ ውቅያኖስ የምዕራቡ ክፍል ከወትሮው በላይ ሞቆ ስለነበር በአፍሪካ ቀንድ አገሮች ያልተለመደ ዝናብ ጣለ፤ በዲሴምበር ፓዋን የተባለ ሌላ አውሎ ነፋስ ሰሜን ምሥራቅ ሶማሊያን መታ። መንጋው እንደገና ረባ። ከዚያ ኮቪድ መጣና የመርጫ መሣሪያውና ኬሚካሉ በየአገሩ ወደብና አውሮፕላን ጣቢያ ዘገየ።

የመርጨቱም ነገር ለብቻው አንድ ኮርስ ይወጣዋል። አንበጣውን የሚገድለው ኬሚካል ንብንም ይገድላል። ኢትዮጵያ ደግሞ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት። ጤፉን ለማዳን የተረጨው መድኃኒት የጎረቤትን ቀፎ ባዶ ሲያስቀር ማን ይካስ? አስቀድሞ ማን ይንገረው? በየትኛው ቋንቋ? ሶማሊያ በሰፊው የተጠቀመችው አንበጣንና የቅርብ ዘመዶቹን ብቻ ለይቶ የሚያጠቃ የፈንገስ ዝግጅት ነው። ይህ ንብንና ከብትን አይጎዳም፤ ነገር ግን ቶሎ አይገድልም፤ የሚያዋጣውም በዋነኝነት መንጋው ገና ኩብኩባ ሳለ ነው። እንግዲህ የመድኃኒት ምርጫው ስንት ቀን አስቀድመን አይተናል በሚለው ጥያቄ ላይ ተንጠለጠለ፤ አስቀድሞ ማየት ደግሞ ጸጥ ባሉት ዓመታት ለአሰሳ በተመደበው ገንዘብ ላይ። አንበጣ በሌለበት ዓመት ለአንበጣ ገንዘብ መመደብ ለማንም መንግሥትና ለማንም ለጋሽ ከባድ ነው። የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ ቁጥጥር ድርጅት በ1962 የተቋቋመው አንድ አገር ብቻውን ይህን መሸከም ስለማይችል ነው።

አሁን ልጠይቃችሁ። ይህን ሁሉ የሚያስተምረው የትኛው ትምህርት ክፍል ነው? አውሎ ነፋሱን የሚያውቀው ስለ የመን ጦርነት አልተማረም። የጦርነቱን ታሪክ የሚያውቀው ኩብኩባ በስንት ቀኑ ክንፍ እንደሚያወጣ አልሰማም። በጀት የሚደለድለው ስለ ቀፎው የነገረው የለም። እያንዳንዳቸው በሙያቸው የተመሰገኑ ሊሆኑ ይችላሉ። አደጋው ያለፈው በመካከላቸው ባለው ክፍተት ነው። እኔ ዓለም አቀፍ ጉዳዮች የሚባለውን ትምህርት የምደግፈው ይህን ክፍተት ማጥናት ራሱን የቻለ ከባድ ሙያ ነው ብዬ ስለማምን ነው።

ሐሳቡ የትናንት አይደለም። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1919፣ ዌልስ ውስጥ በሚገኘው አበሪስትዊዝ ዩኒቨርሲቲ የዓለም አቀፍ ፖለቲካ የፕሮፌሰር ወንበር ተቋቋመ፤ በዘርፉ በዓለም የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገርለታል። ገንዘቡን የሰጡት ዴቪድ ዴቪስና እህቶቹ ሲሆኑ መታሰቢያነቱ በጦርነቱ ላለቁት የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ነበር። ወንበሩ ላይ መጀመሪያ የተቀመጠው አልፍሬድ ዚመርን የጥንታዊት ግሪክ ታሪክ ሊቅ ነው። ዘርፉ ገና ሲወለድ የሌላ ዘርፍ ሰው ነበር ያሳደገው። በኋላ ግን ይህ ትምህርት ራሱ አጥር አበጀ፤ ስለ መንግሥታትና ስለ ጦርነት ማስተማሩን አጠበቀ፤ በሽታን፣ አፈርን፣ የአየር ንብረትን ለሌሎች ተወ። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በካሊፎርኒያ ሳንታ ባርባራና በሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች የተከፈቱት አዳዲስ ዲግሪዎች አጥሩን ለማፍረስ የተነሡ ናቸው። ላይደን ዩኒቨርሲቲ በ2010 ዘ ሄግ ከተማ የከፈተው ኮሌጅ ዲግሪውን በቀጥታ በዓለም አቀፍ ተግዳሮቶች ሰይሞታል፤ ተማሪዎቹም የሕዝብ ጤናን፣ ምድርንና ኃይልን፣ ፍትሕን፣ የዓለም ፖለቲካን በአንድ ጣሪያ ሥር ይማራሉ።

ወላጆች ልባቸው ውስጥ ያለውን ጥያቄ አውቀዋለሁ፤ የሥራ ባልደረቦቼም ፊት ለፊት ይጠይቁኛል። ልጁ ከሁሉም ጥቂት ጥቂት ቀምሶ ከሁለት ያጣ አይሆንም ወይ? ይህን ጥያቄ በቀላሉ አላልፈውም፤ ምክንያቱም ለአንዳንድ ፕሮግራሞች የሚገባ ወቀሳ ነው። ተማሪው ሰኞ ስለ ስደት፣ ማክሰኞ ስለ ካርቦን፣ ረቡዕ ስለ ወረርሽኝ ሰምቶ፣ ስለ ሁሉም አምስት ገጽ ጽፎ የሚመረቅበት ዲግሪ አለ። እንዲህ ያለው ተመራቂ የጋዜጣ ርዕሶችን በደንብ ያነባል፤ ቁጥር የበዛበት ሪፖርት ሲሰጡት ግን ሐሰቱን ከእውነቱ መለየት አይችልም። ይህን እቃወማለሁ። አራት ዓመት ሙሉ ለዚህ መክፈል ለቤተሰብም ለአገርም ኪሳራ ነው።

ስለዚህ በእኔ አመለካከት ተማሪው ቢያንስ አንድ መሣሪያ አጥብቆ መያዝ አለበት። ስታቲስቲክስ ሊሆን ይችላል፤ የወረርሽኝ ጥናት፣ የዓለም አቀፍ ሕግ፣ የካርታና የሳተላይት መረጃ ትንተና ወይም የውሃ ሀብት ጥናት ሊሆን ይችላል። ምርጫው የተማሪው ነው፤ በጥልቀቱ ላይ ግን ድርድር የለም። ማንም ሳያግዘው ሥራ ሠርቶ ማስረከብ እስኪችል ድረስ ይማረው። ከሒሳብ ለመሸሽ ብሎ ወደዚህ ዲግሪ የሚመጣ ተማሪ ካለ ደግሞ በሩ ላይ በፍቅር እንመልሰው፤ እዚህ ውስጥ ከሒሳብ ማምለጫ የለም። ከዚያ በኋላ ሌላ መሣሪያ ከያዙ ጓደኞቹ ጋር በአንድ ችግር ላይ ቁጭ ይበል። ሕግ ያጠናው፣ ውሃ ያጠናውና ኢኮኖሚ ያጠናችው አንድ ዓመት አብረው ይሥሩ፤ ማርክም አብረው ያግኙ፣ አብረውም ይውደቁ።

የውሃው ነገር ምሳሌ ይሆነናል። በ1997 በተባበሩት መንግሥታት የጸደቀው የወንዞች ኮንቬንሽን ሁለት መርሆችን ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ ፍትሐዊና ምክንያታዊ አጠቃቀም አንዱ ነው፤ ጉልህ ጉዳት አለማድረስ ሌላው ነው። ስለ ዓባይ ለዓመታት በተካሄደው ድርድር ላይ ከባድ ሆኖ የቆየው አንዱ ጥያቄ ድርቅ ሲመጣ ምን ይደረግ የሚለው ነው። ድርቅ ማለት ስንት ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ሲጎድል ነው? ለስንት ዓመት ሲቆይ ነው? ሕግ ዐዋቂው ይህን ሳያውቅ አንቀጹን መጻፍ አይችልም። የውሃ ባለሙያውም አንድ ቃል ለሃምሳ ዓመት ምን ግዴታ እንደሚያስከትል ሳይረዳ ቁጥሩን መስጠት የለበትም። ጠረጴዛው ላይ መጀመሪያ የተገናኙ ዕለት ቋንቋ መማማር ሊጀምሩ ነው? ያን ጊዜ ዘግይቷል። መገናኘት የነበረባቸው በሃያ ዓመታቸው፣ አንድ ክፍል ውስጥ ነበር።

እንዲህ ያለ ጥምረት ፍሬ ሲያፈራ ዓለም አይታለች። በ1974 ሼርዉድ ሮውላንድና ማሪዮ ሞሊና የተባሉ ኬሚስቶች በማቀዝቀዣና በሽቶ ማርከፍከፊያ ጣሳ ውስጥ ያለው ጋዝ ወደ ላይ ወጥቶ ምድርን ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚጠብቀውን የኦዞን ንጣፍ እንደሚያፈርስ ጻፉ። አምራቾች ተቃወሙ፤ ክርክሩም ዓመታት ወሰደ። በ1985 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በደቡብ ዋልታ ላይ ንጣፉ በየዓመቱ በአስደንጋጭ ሁኔታ እንደሚሳሳ አሳዩ። ሁለት ዓመት ብቻ ቆይቶ፣ ሴፕቴምበር 16 ቀን 1987፣ የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ተፈረመ። ሁለቱ ኬሚስቶች ከፖል ክሩትሰን ጋር በ1995 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል፤ ይገባቸዋል። ነገር ግን ኬሚስትሪው ብቻውን አንድም ፋብሪካ አልዘጋም። ድሃ አገሮች ማቀዝቀዣ ገና መግዛት ሲጀምሩ አቁሙ ቢባሉ እንደማይፈርሙ የተረዳ ሰው ያስፈልግ ነበር። ለእነርሱ የ10 ዓመት እፎይታ ተሰጠ፤ የመለወጫውን ወጪ የሚሸፍን የጋራ ፈንድ ተቋቋመ፤ ከስምምነቱ ውጭ ካሉ አገሮች ጋር በእነዚህ ጋዞች መነገድ ተከለከለ። ይህ የኢኮኖሚ፣ የሕግና የዲፕሎማሲ ጥበብ ነው። ዛሬ ሁሉም የተባበሩት መንግሥታት አባል አገሮች ያጸደቁት ስምምነት ነው፤ በ2016ም ኪጋሊ ላይ ምድርን የሚያሞቁ ሌሎች የማቀዝቀዣ ጋዞችን እንዲጨምር ተደርጓል። ንጣፉ ቀስ በቀስ እያገገመ ነው። ተስፋ ለሚቆርጡ ተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምነግራቸው ይህን ነው።

«ተመርቆ የት ይቀጠራል?» ለሚለው ደግሞ ከቡና ልነሣ። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 አንድ ሕግ አወጣ። ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ አባል አገሮቹ ገበያ መግባት አይችልም፤ አስመጪውም ቡናው የበቀለበትን ማሳ በካርታ ላይ ነጥቡን ማሳየት አለበት። የተግባራዊነቱ ቀን ቢራዘምም ሕጉ አልተሻረም። አሁን የጅማን፣ የከፋን፣ የሲዳማን ገበሬ አስቡ። አብዛኛው የኢትዮጵያ ቡና የሚመጣው ከእንዲህ ካለ አነስተኛ ማሳ ነው። ከፋና ያዩን በመሳሰሉ ቦታዎች ደግሞ ቡናው የሚያድገው በደኑ ጥላ ሥር ነው፤ ሁለቱም በ2010 በዩኔስኮ የብዝኃ ሕይወት ጥብቅ ሥፍራ ተብለው ተመዝግበዋል። ከሳተላይት ለሚያይ ዓይን የቡናውን ማሳ ከደኑ መለየት ቀላል አይደለም። ደን ጠባቂ ሆኖ የኖረው ገበሬ በወረቀት ጉድለት ደን መንጣሪ ተብሎ ገበያ እንዳያጣ ማን ይቁምለት? ብራስልስ የተጻፈውን አንቀጽ የሚያነብ፣ ካርታውን የሚሠራ፣ የመሬት ይዞታውን ነገር የሚያውቅ፣ ከዚያም ገበሬው ግቢ ሄዶ ግራር ሥር ተቀምጦ በቋንቋው የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል። ኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ ላኪዎች፣ መንግሥት፣ ሁሉም ይህን ሰው ይፈልጉታል። እኛ ግን እያስተማርነው አይደለም።

ጅምር የለንም ማለት አይደለም። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎቻችን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች በጋራ ከሚወስዷቸው ኮርሶች አንዱ «ግሎባል ትሬንድስ» ነው። ምህንድስና የሚገባውም ሕግ የሚገባውም አንድ ሴሚስተር ስለ ውጭ ግንኙነት፣ ስለ ዓለም ንግድ፣ ስለ ሉላዊነት ይሰማል። መልካም ነው። ሆኖም ተማሪው ወደዚህ ኮርስ ሲደርስ ቀድሞ ተከፍሏል። ከ11ኛ ክፍል ጀምሮ የተፈጥሮ ሳይንስ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ተብሏል። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ለዓመታት የተሠራበት 70 በመቶ ለሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶ ለማኅበራዊ ሳይንስ የሚል ድልድልም ለአገሪቱ መሐንዲስ አስገኝቷል፤ በሁለቱ መካከል ያለውን አጥር ግን አጠንክሮታል። በአሥራ ስድስት ዓመቱ «አንተ የሶሻል ተማሪ ነህ» የተባለ ልጅ ስለ ወባ ትንኝ መጠየቅ እንደማይፈቀድለት ያምናል። «የናቹራል» የተባለችው ደግሞ ስለ ፍትሕ መጻፍ የሌላ ሰው ሥራ ይመስላታል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ከራሳችን ታሪክ የምንወስደውም አለ። እ.ኤ.አ. በ1964 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በገጠርና በክፍለ ሀገር ከተሞች እንዲያገለግል ያስገድድ ነበር። አብዛኛው የተላከው ለማስተማር ነው። ያን ጊዜ የነበሩ ብዙ ሰዎች አገራቸውን ያወቁት በዚያ ዓመት እንደሆነ ይናገራሉ። አሁን የምናስበው ዲግሪ ይህን ዓመት መልሶ ቢያመጣ እጅግ ደስ ይለኛል። ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው አንድ ወረዳ ይሂዱ፤ የወረዳው ሰው ራሱ አስጨናቂ ነው ያለውን ችግር ይያዙ፤ ችግሩ ወደ ውጭ የተዘረጋበትን ክር እየተከተሉ ያጥኑ። ምንዛሪ፣ ማዳበሪያ፣ ዝናብ፣ ስደት፣ ክትባት፤ የትኛውንም ቢይዙ ክሩ ድንበር ተሻግሮ ይወስዳቸዋል። ሲመለሱም ጥናቱን በእንግሊዝኛ ለመምህሩ ብቻ ሳይሆን በአካባቢው ቋንቋ ለወረዳው ሰው ያቅርቡ። በቀበሌ ስብሰባ ላይ ሊያስረዳው ያልቻለውን ነገር ተማሪው ገና አልተረዳውም ብዬ ማርክ እቀንሳለሁ።

ለዩኒቨርሲቲ አመራሮች የምለው ይህን ነው። አዲስ ሕንፃና አዲስ ፋኩልቲ አትጠብቁ። ከሳይንስም፣ ከጤናም፣ ከሕግም፣ ከግብርናም፣ ከማኅበራዊ ሳይንስም አንድ አንድ መምህር መርጣችሁ፣ አብረው አንድ ክፍል ውስጥ ቆመው እንዲያስተምሩ ሰዓት ስጧቸው፤ የሠሩትንም ሥራ ለማዕረግ ዕድገት ቁጠሩላቸው። ዛሬ ከትምህርት ክፍሉ ውጭ የሚደክም መምህር ድካሙ አይቆጠርለትም፤ ይህ ካልተስተካከለ የቀረው ሁሉ ወረቀት ላይ ይቀራል። ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ ይህን ትምህርት ልማር ሲል «ምን ትሆናለህ?» ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት «የትኛውን መሣሪያ በደንብ ትይዛለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። በቂ መልስ ካለው መርቃችሁ ላኩት። እናንተ ተማሪዎች ደግሞ ዲግሪው እስኪከፈት አትጠብቁ፤ በዚህ ሴሚስተር ከሌላ ትምህርት ክፍል ጓደኛ ፈልጉና ሁለታችሁንም በሚያሳስብ አንድ ችግር ላይ አብራችሁ ማንበብ ጀምሩ።

 ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ፤ ተማሪዎች ይቅደሙ።